የፎገራን ውሃ ስንጠብቅ

ስንጀምር ለፋሲካ ይደርሳል ብለን ነበር። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ግን አልተናገርንም። ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ፋሲካ መቁጠር እኔ ትቼዋለሁ፤ ሰው ግን አይተውም። ወረታ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው የፎቶ ኮፒ ቤቴ ጎራ የሚለው ሁሉ መታወቂያውን ኮፒ እያስደረገ ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ ይወረውርና "ያ ጌም አለቀ?" ይለኛል። አላለቀም። አላለቀም ማለት አሁን አያሳፍረኝም። የዘገየበትን ምክንያት ያወቅኩ ቀን የደነገጥኩት ድንጋጤ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ የምጽፈውም ምናልባት ቢለቅቀኝ ብዬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ልጆች ሳለን እዚሁ ወረታ አንድ ጌም ቤት ነበር። ከነበሩት ጨዋታዎች ሁሉ እኔና ጓደኞቼ የምንሻማው አንድ የፈረንጅ የእርሻ ጌም ላይ ነበር። ሰው ይስቅብን ነበር፤ የገበሬ ልጅ ከእርሻ አምልጦ መጥቶ ከተማ ውስጥ ያርሳል እያለ። በጌሙ ውስጥ ትራክተር ያርሳል፣ ስንዴ ይዘራል፣ ይታጨዳል፤ ከዚያ የነሱ ብርድ ሲመጣ በረዶ ይወርድና መሬቱን ሁሉ ያለብሰዋል። በረዶው ሲቀልጥ እንደገና ይታረሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኛ ግን አፋችንን ከፍተን እንውል ነበር።

ያን ጌም የሠራው ድርጅት ከተወው ቆይቷል። ጌሙ ግን አልሞተም፤ እንደኛ በልጅነታቸው የወደዱት ሰዎች በየአገሩ ሆነው ሆድ ዕቃውን እየከፈቱ፣ ያገራቸውን መሬትና ከብት እያስገቡበት እንደ አዲስ ይሠሩታል። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም። ይኸን ያወቅን ቀን እኛም የፎገራን ሜዳ እናስገባለን አልን። ትራክተሩ በበሬ ጥማድ ይለወጣል፣ ስንዴው በሩዝ፣ በረዶው ደግሞ ክረምት ላይ ሜዳውን በሚያለብሰው ውሃ። ስናወራው እንደዚህ ቀላል ነበር።

አራት ነበርን። አንደኛው የሒሳብ መምህር ነው፣ የአንበሳሜ ልጅ፤ ኮዱን የሚጽፈው እሱ ነው። ሁለተኛዋ ጓደኛዬ ናት፤ አባቷ ሸማኔ ናቸው፣ የጥለቱን ንድፍ የምታወጣላቸው እሷ ስለሆነች ሥዕሉ ለሷ ተሰጠ። ሦስተኛው ከሜዳው ታችኛው ጫፍ፣ ከጣና ዳር የመጣ የሩዝ ገበሬ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ተምሮ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ እኔ ጋ ይውል ነበር። በረዶውን ወደ ውሃ መለወጥ የሱ ድርሻ ስለሆነ ባለ ውሃው እንለው ጀመር። አራተኛዋ እኔ ነኝ። ቤቱም ኮምፒውተሩም የኔ ስለሆነ ድምፅ መቅዳትና ሰው መቆጣት ደረሰኝ።

ላሞቹ ግን የአባቴ ናቸው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፎገራ ከብት ያረቡ ሰው ናቸው። ሜዳው ለሩዝ ሲታረስ ግጦሹ እየጠበበ ሄደና ላሞቻቸውን አንድ በአንድ ሸጠው ጨረሱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ከብት ብዙም አያወሩም ነበር። የኛን ነገር ሲሰሙ ግን ወንበር ስበው ከሥዓሊዋ አጠገብ ተቀመጡ። የቡሬዋ ጥቁር ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የቦቃዋ ግንባር ላይ ያለው ነጭ እስከ የት እንደሚወርድ፣ የየትኛዋ ቀንድ ወዴት እንደሚታጠፍ እየነገሩ አስሳሏት። ከብት የሚጠሩበትንም ድምፅ ቀዳሁት። ድምፃቸው መንገድ ድረስ ስለተሰማ አንድ ባለ ባጃጅ ምን ጠፋባችሁ ብሎ ሮጦ ገብቷል።

ያኔም ዓይናቸውን ያማቸው ነበር። ግላኮማ ይባላል፤ ከዳር ከዳር እያጨለመ የሚሄድ በሽታ ነው። መካከሉ ይቆያል፣ ዙሪያው ይጠፋል። ያን ጊዜ ግን ገና ብዙ ያዩ ነበር። ከኛ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። ክረምቱ ሲገባ፣ ውሃው ከሐይቁ በኩል ብልጭ ማለት ሲጀምር፣ ከብቱ ሜዳው ላይ እንደተበተነ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማየት።

"ዓይኔ ሳለ አሳዩኝ፤ ሌላ አልፈልግም" አሉን።

እናሳይዎታለን ያልነው አራታችንም ነን። እንዲያውም የደረሰ የደረሰውን ይዩልን ብለናቸው ነበር፤ እምቢ አሉ። ያልደረሰ እህል አይታጨድም፣ ሲደርስ ጥሩኝ ብለው ሄዱ። ደግሞስ ያለ ውሃው ምን እናሳያቸዋለን? አንድ ቀን መምህሩ ለሙከራ ቢከፍተው ፎገራ ላይ ክረምት ገባና በረዶ ወረደ። የአባቴ ላሞች ጉልበታቸው ድረስ ነጭ ለብሰው ቆመው ያመሰኳሉ። ሳቅን፤ ግን ድንገት ብቅ ቢሉስ ብለን ቶሎ ዘጋነው።

ለምን ዘገየ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ መጀመሪያ የምሰጠው መልስ ቀላል ነበር። በነጻ የሚሠራ ሰው የሚሠራው ከሥራው ሲተርፈው ነው። ሩዝ ሲዘራ ባለ ውሃው የለም፤ ሲታረም የለም፤ የሩዝ አረም ደግሞ በእጅ ስለሚነቀል አያልቅም። ፈተና ሲደርስ መምህሩ የለም። ጥምቀት ሲቃረብ ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ ስለሚያሠራ ሥዓሊዋ ከአባቷ ቤት አትወጣም። አራታችንም የተገናኘን ዕለት መብራት ይጠፋል። መብራት ያለ ዕለት ደግሞ የአንዳችን ዘመድ ያገባል ወይም ይሞታል።

ሁለተኛው መልስ ሥራው ራሱ እንደ ልጅ ማደጉ ነበር። መምህሩ የአንበሳሜ ገበያ ካልገባ አለ። አንበሳሜ ምን አገናኛት ብንለው ታዲያ ሩዙ የት ሊሸጥ ነው ብሎ ተከራከረን፤ ገበያው ገባ። ገበያው ሲገባ ሰው ያስፈልገዋል፣ ሰው ሲገባ ልብስ ያስፈልገዋል፣ ልብሱ ሲመጣ ሥዓሊዋ ጥለቱ ከሩቅ አይለይም ብላ የሣለችውን ሁሉ አጥፍታ ከሀ ጀመረች። አንድ ቀን ደግሞ አንድ ቄስ ወረቀት ኮፒ ሊያስደርጉ መጥተው ኮምፒውተሩን አዩና ጣራ ገዳም የት አለ አሉን። ከሜዳው ውጭ ነው አባ አልናቸው። ሰማዩ ሲጠራ ከሜዳው ቀና ብትሉ ተራራው አይታይም ወይ አሉ። ካህን ተናግረው እምቢ ይባላል? ተራራው ሊገባ ሆነ፤ ለተራራው ደግሞ ዛፍ።

አባቴ ይኸን ሁሉ ሲሰሙ ግራ ገባቸው። እሳቸው የሚያውቁት ደቦ ነው። ደቦ ሲጠራ ጠሪው ይታወቃል፣ ማሳው ይታወቃል፣ ዳሩ ይታወቃል፤ ጠላና ምሳ የሚያቀርበው ሰው እስከ የት እንደሚታጨድ በእጁ ያሳያል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሥራው አልቆ እየዘፈኑ ይገባሉ። የናንተ ባለ ማሳ ማነው ብለው ጠየቁኝ፤ ሁላችንም ነን አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ሰምቻለሁ። የኛን ሎሚ ግን ሁሉም ጌጤ ነው እያለ ሲያሸትተው ከገበያ ሳይደርስ ቀረ።

እነዚህ ሁለቱ መልሶች ውሸት አይደሉም። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነበር፤ እሱን ማናችንም በአፋችን አንጠራውም።

የባለ ውሃው አባት ታመሙና እርሻውን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ልጁ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ሐይቁ ዳር ተመለሰ። ሲሄድ፣ ውሃው ትንሽ ነው የቀረው፣ እኔው ጨርሼ አመጣዋለሁ አለን። እሺ አልነው። ያ ክረምት አለፈ። ሩዙ ታጨደ። ሌላ ክረምት ገባ። ባለ ውሃው አልመጣም። መምህሩ በየጊዜው ኮምፒውተሩን ይከፍትና ሁሉንም ነገር ነካክቶ፣ ገበያውን አስተካክሎ፣ ዛፍ ጨምሮ፣ ውሃው ያለበት ቦታ ሲደርስ እጁን ይሰበስባል። ውሃውን ራሱ ሊሠራው ይችል ነበር። አንድ ቀን እኔው ለምን አትሞክረውም አልኩትና ነውር የተናገርኩ ያህል አየኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አለኝ። ሥዓሊዋም፣ አባቱ ታመው እርሻ ገብቶ የሚደክምን ሰው ድርሻውን መንጠቅ ማለት በቃ አንተ አታስፈልግም ማለት ነው አለች። እውነቷን ነው አልኩ።

ታዲያ እንዲያመጣው ጠይቁታ ትሉ ይሆናል። ሰው በነጻ እየሠራ ምን ተብሎ ይጠየቃል? ደመወዝ ብትከፍለው ቶሎ በል ትለዋለህ። ዘመድህ ቢሆን ትቆጣዋለህ። በፍቅር የገባን ሰው ግን ቶሎ በል ማለት ፍቅርህ አነሰ ማለት ይመስላል። እደውልለት ነበር። ስለ አባቱ ጤና እንጠያየቃለን፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ ማዳበሪያው፤ ስለ ውሃው አንድ ቃል ሳይወጣ ስልኩ ይዘጋል። አባቱ አርፈው ለቅሶ ሄደን አጠገቡ ተቀምጠን ውለናል። ለቅሶ ላይ ጌም ይነሣል? በመምህሩ ሠርግ ላይም መጥቶ ነበር። ሠርግ ላይስ ሰው ዕዳ እንዳለበት ይጠየቃል?

በዚያ ሰሞን የጌሙ ወዳጆች የሚሰበሰቡበትን ድረ ገጽ ማንበብ ጀመርኩ፤ መምህሩ ነው የሚተረጉምልኝ። ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። የፈረንጁም አገር እንደዚሁ ነው። ሐዲዱ አልቆ ባቡር ያልመጣለት፣ ከተማው ተሠርቶ ጣሪያ ያልለበሰ፣ የወንዝ ድልድይ ከመካከል የቆመ ሥራ ሞልቷል። አንዱ ሰውዬ በየአዲስ ዓመታቸው ይቅርታ ይጠይቃል፤ ዘንድሮ ይደርሳል ይላል፣ ሰዎቹም አይዞህ፣ እንጠብቅሃለን ይሉታል። አንድም ሰው ምን ነካህ አይለውም። ሰነፎች ናቸው ብዬ ተናደድኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እነዚህ ከልባቸው ቢሆን ኖሮ ይጨርሱት ነበር አልኩ። መምህሩ ሳቀና እኛስ አለኝ። እኛማ ውሃ እየጠበቅን ነው አልኩት።

ሳንነጋገር ያ ሁሉ ጊዜ ሲያልፍ አባቴ እቤት ውስጥ በሩን ይስቱ ጀመር። ትከሻቸው መቃኑን ይመታል። ከፊታቸው ያስቀመጥኩትን ብርጭቆ ያነሣሉ፣ ከጎኑ ያለውን ያፈሳሉ። መነጽር ቢቀየርላቸው ይሻላል ብዬ ባሕር ዳር ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኳቸው።

ሐኪሙ ከፊታቸው ተቀመጠ። አፍንጫዬን ብቻ ይዩ፣ ጣቴ ሲታይዎት አየሁ ይበሉ አላቸው። ከዚያ ጣቱን ከጆሯቸው አቅጣጫ እያወዛወዘ ወደ ፊት ማምጣት ጀመረ። እኔ ከጎን ቆሜ አያለሁ። ጣቱ ከጆሮ አለፈ፤ አባቴ ዝም። ከጉንጭ አለፈ፤ ዝም። ሳያቸው የሐኪሙን አፍንጫ ትክ ብለው ያያሉ፣ ፊታቸው ደግሞ እንደ ጎበዝ ተማሪ ትእዛዝ ይጠብቃል። ጣቱ አፍንጫቸው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። አባባ አየሁ በሉ እንጂ ልላቸው አፌን ስከፍት ሐኪሙ በዓይኑ ከለከለኝ። "አየሁ" ሲሉ ጣቱ እፊታቸው ነበር። በሌላውም ወገን እንደዚያው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ ነገሩን ሳያድበሰብስ ነገረኝ። የጠፋው አይመለስም። ዓይናቸው ውስጥ የሚጨመረው ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው፣ የቀረውም ጥቂት ነው። በቀጭን ቧንቧ ውስጥ እንደማየት ማለት ነው አለ። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አባቴ አልተከፉም፤ ቢከፉም አላሳዩኝም። ወረታ ልንገባ ስንል ብቻ ያ ነገር እስካሁን አልደረሰም ወይ አሉኝ። ያን ያህል ጊዜ ሲጠብቁ የጠየቁኝ ያኔ ብቻ ነው። ለካ እሳቸውም በነጻ የሚሠራ ሰው አይጠየቅም ብለው ነው።

በማግስቱ ቤቴን ቆልፌ ባጃጅ ያዝኩ። ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት ወሰደኝ፤ ከዚያ ወዲያ በማሳዎቹ ድንበር ላይ በእግሬ ሄድኩ። ኅዳር ነበር፣ አጨዳ ተይዟል። ንዴቴ ከኔ ቀድሞ ይሄዳል። እንኳን ውሃ ባሕር ቢሆን ያልቅ ነበር እያልኩ ለብቻዬ እለፈልፋለሁ። እደጃቸው ስደርስ የባለ ውሃው እናት አዩኝና የያዙትን ሰፌድ ጥለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። መምጣቱ ሳይነገር ከከተማ የሚመጣ ሰው መርዶ ነው የሚያመጣው። ደህና ነን፣ ሁሉም ደህና ነው እያልኩ እሳቸውን ሳረጋጋ ንዴቴ ከየት ገብቶ እንደጠፋ አላውቅም።

ባለ ውሃው ከማሳው ተጠርቶ መጣ። ተሳሳምን። ስለ ጤና ተጠያየቅን፣ ስለ አጨዳው፣ ስለ መምህሩ ልጅ። እናቱ ምሳ አቀረቡ። እየበላሁ ነገሩ ሲገባኝ ደነገጥኩ፤ በዚህ ከቀጠልን ምሳዬን በልቼ፣ ተመርቄ፣ ውሃውን ሳላነሣ ልመለስ ነው። ጉርሻዬን አስቀመጥኩት።

"ውሃውን ልወስድ ነው የመጣሁት" አልኩት። "ካላለቀም እንዳለ ስጠኝ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "አልቋል እኮ" አለ።

"መቸ?"

"የሄድሁ ዓመት፣ የዚያኑ ክረምት።"

ክው ብዬ ቀረሁ። እናቱ እንኳን ምን ሆነሽ ብለው ውሃ አቀበሉኝ። ያ ሁሉ ዘመን አለፈ፤ መምህሩ አግብቶ ወለደ፣ የአንበሳሜ ገበያ ተሠርቶ ፈርሶ ተሠራ፣ አባቴ መቃን መግጨት ጀመሩ፤ ውሃው እዚህ፣ ከዚህ ጎጆ ውስጥ፣ ሳጥን ላይ በተቀመጠች ላፕቶፕ ውስጥ አልቆ ተቀምጧል። ለምን አላመጣኸውም አልኩት። እሱም ላፕቶፑን ከፈተልኝ።

ውሃው ያምራል። ከሐይቁ ይነሣል፣ ዝቅ ዝቅ ያለውን መሬት እየፈለገ በቦዩ ይገባል፣ ማሳውን ሞልቶ ወደ ሌላው ያልፋል፤ እኔ ያደግሁበት ውሃ ነው። ከዚያ ወደ ላሞቹ ደረሰ። ላሞቹ አልተንቀሳቀሱም። እግራቸውን ሸፈነ፣ ሆዳቸውን ሸፈነ፤ እነሱ ያመሰኳሉ። ቀንዶቹ ብቻ ቀሩ፣ ከዚያ ቀንዶቹም ጠፉ። ባለ ውሃው አስረዳኝ። የጌሙ ከብት የተሠራው ለበረዶ ነው፣ በረዶ ላይ ቆሞ መጠበቅ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከውሃ ሽሽ ቢሉት አይሰማም። ማታ ማታ ከእርሻ እየገባ ላሞቹን መሸሽ ሊያስተምር ሞክሯል፤ አልሆነለትም።

"ከብታቸውን ሸጠው የተከዙ ሰው ናቸው" አለኝ። "እኔ ደሞ ዓይናቸው እያየ ላስጥምባቸው?"

ይኸ ለማን ይነገራል አለ። ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት አልኩት። ያልጠበቅኩትን ተናገረ።

"እናንተስ መች ጠየቃችሁኝ? ውሃው የት ደረሰ ያለኝ ሰው የለም። ሌላ ሰው ሠርቶላቸዋል፣ እኔን ተውኝ ብየ አዘንሁ። ልጠይቃችሁ ደሞ ድርሻየን ለምን ቀማችሁኝ ማለት ይመስልብኛል ብየ አፈርሁ።"

እኛ እሱን ላለማስከፋት ውሃውን አልነካንም። እሱ አባቴን ላለማስከፋት ውሃውን አላመጣም። አለመጠየቃችንን እንደ መባረር ቆጥሮ ልቡ ተሰብሮ ኖሯል፤ እየደወልኩ ስለ ማዳበሪያ ሳወራው ሁሉ ይኸን ይዞ ነበር የሚሰማኝ። ሰው እንዴት በመከባበር እንዲህ ይጎዳዳል? ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝና ሁለቱም አልመጣ አለኝ። ባርኔጣህን አድርግ፣ ላፕቶፑን ያዝና ተነሣ፣ አሁን እንሄዳለን አልኩት። እናቱ አጨዳውስ አሉ። አጨዳው ይቆያል አልኳቸው፤ ለእናት እንዲህ አይባልም፣ ግን ተባለ።

በማግስቱ ጧት አራታችንም እኔ ቤት ተሰበሰብን። መምህሩ ውሃውን ከጌሙ ጋር ለማገናኘት የፈጀበት ጊዜ ሥዓሊዋ ቁርስ ገዝታ እስክትመለስ ድረስ ነው። ይኸን ሁሉ ዘመን የጠበቅነው ሥራ ማለት ይኸ ነበር። የተገዛው ፓስቲ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ስለ ላሞቹ ተከራከርን። ውሃው ሳይደርስባቸው ቶሎ እንዝጋው ያለም ነበር፣ ላሞቹን ለዛሬ ተራራው ላይ እናውጣቸው ያለም ነበር። እኔ ግን ሜዳው ላይ እንደተበተኑ ነው የጠየቁት አልኩ።

አባቴን እጃቸውን ይዤ አምጥቼ ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳቸው። መምህሩ ከፈተው። ክረምት ገባ፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ ከሐይቁ በኩል ውሃው ብልጭ አለ። አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ውሃው እየመጣ፣ እየመጣ ላሞቹ ጋ ሲደርስ ባለ ውሃው መታገሥ አቅቶት እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

"ምነው?" አሉ አባቴ።

ላሞቹ መሸሽ እንደማያውቁ፣ ውሃው እንደሚሸፍናቸው፣ እሳቸው እንዳያዝኑ ብለን እንደሆነ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ያዘገየንም ይኸው ነገር ነው አልኩ።

"ጌም ነው ብላችሁኝ አልነበር?" አሉ። "መልሳችሁ ስትከፍቱት አይነሡም?"

"ይነሣሉ አባባ።"

"ታዲያ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያስቀመጣችሁኝ?"

አልተቆጡም፤ ገርሟቸው ነው የጠየቁት። ባለ ውሃው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መምህሩ ሌላ የሚሠራው ነገር ስላጣ ጌሙን ዘግቶ ከመጀመሪያው ከፈተው። ሰማዩ እንደገና ጠቆረ፣ ላሞቹ እንደገና ሜዳው ላይ ተበተኑ፤ ቡሬዋ፣ ቦቃዋ፣ ቀንደ ረጅሟ፣ ጥጆቹ፣ ሁሉም እሳቸው እንደነገሩን። ከበስተኋላቸው ጣና ያበራል። እንዲህ ያማረ ነገር ሠርተን አናውቅም።

አባቴ ግን ፊታቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ታች ያንቀሳቅሳሉ። የወደቀ መርፌ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ፣ ከዚያ ራቁ።

"ሌሎቹስ የት አሉ?" አሉ።

"የትኞቹ አባባ?"

"ከብቶቹ ናቸዋ። እኔ የማያት ቦቃዋን ብቻ ነው።"

ሥዓሊዋ አፏን ይዛ ወጣች። ሁሉም ከፊታቸው ናቸው፣ እንዳሉት፣ በአንድ ጊዜ፣ ሜዳው ሙሉ። ባለ ውሃው ሥራውን የጨረሰ ክረምት ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ያዩአቸው ነበር። አሁን አንዷን ሲያገኙ ሌላዋ ከዓይናቸው ትወጣለች። እጄን ፈልገው ያዙኝ።

"በይ፣ ከሐይቁ በኩል ጀምረሽ ንገሪኝ" አሉ።

ጀመርኩ። ቡሬዋ እዚህ ናት፣ ከቦዩ ዳር፣ ራሷን ቀና አድርጋለች አልኳቸው። ወደ ሁለተኛዋ ስዞር ውሃው ቀድሞኝ ሆዷ ላይ ደርሶ ነበር።

"ቀጥይ" አሉኝ።